ሞልቶ የሚያድር ገንዳ፦ በብርድ ወራት ውኃ የተዉ ፈረሶች ጉዳይ

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

ይህ ጽሑፍ ፈረሶች፣ ውሻና ድመት በአንድ ግቢ የሚያኖር አንድ ቤተሰብ በብርድ ወራት የገጠመውን ችግር ከመነሻው እስከ መፍትሔው ይዘረዝራል። ቤተሰቡ ጉዳዩ እንዲጻፍ ፈቅዷል፤ የእነርሱም ሆነ የባለሙያዎቹ ስም ግን አልተጠቀሰም። እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። የመጀመሪያውን ሕክምና የሰጠው የሥራ ባልደረባዬ ሲሆን፣ ክትትሉን ከእርሱ ተረክቤ ነው ወደ ጉዳዩ የገባሁት።

በሽታው ብርቅ አይደለም። ብርድ ሲመጣ ፈረስ ውኃ እንደሚያሳንስ፣ ውኃ ያሳነሰ ፈረስም ሆዱ እንደሚደርቅ ፈረስ የያዘ ሰው ሁሉ ያውቃል። እዚህ ቤት ግን ውኃ ሞልቶ ነበር። ንጹሕ ነው፤ ለብ ያለ ነው፤ በረዶ አልያዘውም። ገንዳው ጠዋትም ማታም እስከ አፉ ጢም ብሎ ይታያል። ሰውን ሁሉ ያሳሳተውም ይኸው ሙላቱ ነው።

ቤቱና እንስሳቱ

በግቢው ሦስት ፈረሶች አሉ። አንዷ 24 ዓመት የሞላት፣ ከሥራ ያረፈች ባዝራ ናት። ሁለተኛው 500 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን፣ ዘወትር የሚጋለብ የተኮላሸ ፈረስ ነው። ሦስተኛው ድንክ ፈረስ ነው። ባዝራዋና ትልቁ ፈረስ ሰኮናቸው ላይ ብረት ተመቶላቸዋል፤ ድንኩ ግን ባዶ ሰኮና ነው። ይህች ነገር ኋላ ስለምታስፈልግ አንባቢ ይያዛት።

ከእነርሱ ሌላ አጭር ጸጉር ያለው መካከለኛ ቁመት ውሻ እና በረቱ ውስጥ አይጥ እያደነች የምትኖር ድመት አሉ። ጠዋት ጠዋት እንስሳቱን የሚያዩት የቤቱ እመቤት ናቸው፤ የማታው ተራ የታላቁ ልጅ ነው፤ አባትየው ደግሞ ጥገናውንና የመኖ ግዢውን ይዘዋል። የሥራ ክፍፍሉ የሚያስመሰግን ነው። ይሁን እንጂ አንድን እንስሳ ከማለዳ እስከ ማታ ተከታትሎ የሚያይ ሰው አልነበረም።

ከብርዱ በፊት የተደረገው ዝግጅት

ቤተሰቡ ሰነፍ አልነበረም። እንዲያውም ያለፈው ዓመት ብርድ አስመርሯቸው ስለነበር የዘንድሮውን ቀድመው ጠበቁት። ድርቆሽ ከሚያስፈልገው በላይ ከመሩ። ለሦስቱም ፈረሶች ብርድ ልብስ ገዙ። የበረቱን መስኮቶችና ንፋስ የሚያስገባውን ክፍተት ሁሉ፣ ድመቷ የምትወጣባትን ትንሽ ቀዳዳ ጨምሮ፣ በወፍራም ላስቲክ ሸፈኑ። በመጨረሻም በየማለዳው የገንዳ በረዶ በመጥረቢያ ከመስበር ለመገላገል አዲስ የፕላስቲክ ገንዳ አስገብተው፣ ውኃ ውስጥ የሚጠልቅ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሰኩበት። ገንዳው ተንሳፋፊ ኳስ ያለው ቧንቧ ስላለው ውኃው በጎደለ ቁጥር በራሱ ይሞላል።

እዚህ ላይ ስለ ድርቆሹ አንድ ነገር መባል አለበት። ለምለም ሣር ከክብደቱ 70 በመቶ በላይ ውኃ ነው። ደረቅ ድርቆሽ ግን ከ10 እስከ 15 በመቶ ብቻ ውኃ ይይዛል። ስለዚህ በመስክ ሲግጥ የከረመ ፈረስ ወደ ድርቆሽ ሲዞር፣ እስከዚያ ከሣሩ ጋር ይበላው የነበረውን ውኃ በሙሉ ከገንዳ መጠጣት ይኖርበታል። 500 ኪሎ ግራም የሚመዝን ፈረስ በቀን ከ25 እስከ 45 ሊትር ሊጠጣ ይችላል። ብርዱ የመጠጣት ፍላጎቱን የሚቀንሰው እንግዲህ አካሉ ውኃ በሚሻበት በዚሁ ወቅት ነው። የብርድ ወራት የሆድ ድርቀት ሥር ይህ ግጭት ነው፤ ማሞቂያውን ለመግዛት ያሰቡትም በትክክለኛ ምክንያት ነበር።

ችግሩ ሲታይ

ማሞቂያው ከተሰካ ጥቂት ሳምንታት አልፈው አንድ ማለዳ ባዝራዋ ድርቆሿን ሳትነካ ተገኘች። አንገቷን ዘርግታ የላይኛውን ከንፈሯን ትቀለብሳለች፤ በፊት እግሯ መሬቱን ትጭራለች፤ ደጋግማ ወደ ግራ ጎኗ ዞራ ታያለች። ትተኛና ወዲያው ትነሣለች። ጋጣው ውስጥ የተገኘው ፋንድያ ጥቂት ነው፤ እርሱም እንደ ጠጠር የደረቀና ንፍጥ መሰል ነገር የለበሰ ነበር።

ባልደረባዬ ሲደርስ የልብ ምቷ በደቂቃ 52 ነበር፤ የጤነኛ ትልቅ ፈረስ ከ28 እስከ 44 ነው። የሰውነት ሙቀቷ 37.8 ስለሆነ ትኩሳት የለባትም። ድዷ በጣት ሲነካ ይጣበቃል። በግራ ጎኗ የአንጀት ድምፅ እምብዛም አይሰማም። በፊንጢጣ በኩል እጁን አስገብቶ ሲመረምር ትልቁ አንጀት በዳሌ አካባቢ በሚታጠፍበት ቦታ ላይ የታጨቀ ደረቅ ክምችት አገኘ።

ይህ ቦታ ለፈረስ ደካማ ጎኑ ነው። ትልቁ አንጀት ሰፊ ሆኖ ይመጣና እዚያ ሲደርስ ጠቦ ይታጠፋል። የሚያልፈው ነገር ውኃ ካነሰው እዚያው ይከማቻል። ፈረስ ደግሞ ማስመለስ የሚችል እንስሳ አይደለም፤ የታጨቀው ነገር መውጫው ወደፊት ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ሕክምና

ሕክምናው የተለመደውና ትክክለኛው ነበር። የሕመም ማስታገሻ ተሰጣት። በአፍንጫዋ በኩል እስከ ጨጓራዋ ቱቦ ገብቶ ለብ ያለ ውኃ ከጨው ጋር በየተወሰነ ሰዓት ተጨመረላት። ድርቆሽ ሙሉ በሙሉ ተከለከለች። በየመሐሉ ትንሽ ትንሽ እንድትራመድ ተደረገ። በማግሥቱ ማታ ለስላሳ ፋንድያ ጣለች፤ ቀዶ ሕክምናም አላስፈለጋትም።

ባልደረባዬ ሦስት ምክር ትቶ ሄደ፦ ድርቆሹ በውኃ እየተነከረ እንዲሰጥ፣ ከመኖው ጋር በቀን ከ25 እስከ 30 ግራም ጨው እንዲቀላቀል፣ የባዝራዋ ጥርስ እንዲታይ። ጥርሷ ሲታይ የመንጋጋዎቿ ጠርዝ ሾሎ ተገኘና ተሞረደ። ነገሩ በዚህ ያበቃ መሰለ። ያረጀች ባዝራ፣ የሾለ ጥርስ፣ ደረቅ ድርቆሽ፣ ብርድ፤ ሁሉም ገጣጥሞ የተሟላ ማብራሪያ ይሆናል። ነገር ግን ብዙም ሳይቆይ ጥርሱ ደኅና የሆነው፣ ጎልማሳው ትልቁ ፈረስም ፋንድያው መድረቅ ጀመረ።

ተሞክረው ያልሠሩ ነገሮች

ቤተሰቡ በዚህ መሐል ያደረጋቸው ሙከራዎች ከመፍትሔው ያላነሰ ያስተምራሉ።

መጀመሪያ የማሞቂያውን የሙቀት መጠን ከፍ አደረጉ። ሐሳቡ የጤና ነው፤ ለብ ያለ ውኃ ብቻ የሚቀርብለት ፈረስ በረዶ የመሰለ ውኃ ከሚቀርብለት የበለጠ እንደሚጠጣ ይታወቃል። እዚህ ግን ፋንድያው ይብሱን ደረቀ።

ቀጥለው ጨው ጨመሩ። ጨው ፈረስን የሚያስጠማው የሚጠጣው ውኃ እስካገኘ ድረስ ነው፤ ሳይጠጣ ጨው ብቻ የሚልስ እንስሳ ይጎዳል። ፈረሶቹ ወደ ገንዳው መመላለስ አብዝተው ነበር፤ ይህም ቤተሰቡን አስደሰተ። ወደ ገንዳው መሄድና ከገንዳው መጠጣት ለየቅል መሆናቸውን ያጤነ አልነበረም።

ከዚያ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ተደረበ። ስለዚህ ልማድ ያለኝን ቅሬታ እዚህ ላይ ባልደብቅ ደስ ይለኛል። ሰው ሲበርደው ፈረሱ የበረደው ይመስለዋል። ቀኑ እያጠረ ሲሄድ የፈረስ ጸጉር እየጠነከረና እየረዘመ ይመጣል፤ ብርድ ሲመጣ ጸጉሩ ይቆምና ሙቅ አየር ይይዛል። ጀርባው ላይ የወረደ በረዶ ሳይቀልጥ የሚቆየው የሰውነቱ ሙቀት ወደ ውጭ ስለማያመልጥ ነው። ደረቅ የብርድ ጸጉር ያለውና የማይነፍስበት ጤነኛ ፈረስ ከዜሮ በታች የሆነ ብርድን ያለ ልብስ ይችላል። የሚጎዳው እርጥበት ነው፤ ጸጉሩ ከረጠበ አየር መያዙ ይቀራል። ያረጀ፣ የከሳ ወይም ጸጉሩ የተላጨ ፈረስ በእርግጥ ልብስ ያስፈልገዋል። ጎልማሳው ፈረስ ግን ሁለት ልብስ ተደርቦለት ከሥሩ በላብ ርሶ ተገኘ። ላብ ደግሞ ውኃ ነው፤ ውኃ ባነሰው ፈረስ ላይ ሌላ ውኃ ማስወጣት ማለት ነው።

አራተኛው ሙከራ ከሁሉ ይገርመኛል። ታላቁ ልጅ ከገንዳው አጠገብ የቧንቧ ውኃ በባልዲ አስቀመጠ። ባልዲው ቀን ቀን ባዶ ሆኖ ይገኝ ነበር፤ ሌሊት ግን በረዶ ይይዘዋል። ልጁ አንብቦ ያገኘው ነገር ነበር፦ ቀዝቃዛና ለብ ያለ ውኃ ጎን ለጎን ከቀረበላቸው ፈረሶች ቀዝቃዛውን እንደሚመርጡ። ይህ እውነት ነው። ስለዚህ ባልዲው ባዶ የሆነው ቀዝቃዛውን ወደው ነው ተባለ። እውነተኛ ዕውቀት ከሐሰተኛ መደምደሚያ ጋር እንዲህ ሲጋባ ለመፋታት አስቸጋሪ ነው።

ከሙከራዎቹ ሁሉ የጠቀመው የተነከረው ድርቆሽ ነበር። ባዝራዋ ዳግም እስከ መውደቅ ያልደረሰችው በእርሱ ይመስለኛል። ይሁን እንጂ የተነከረ ድርቆሽ ሌሊት በረዶ ስለሚይዘው የሚሰጠው ወዲያው ተበልቶ በሚያልቅ መጠን ብቻ ነበር።

ፍንጮቹ

ክትትሉን ስረከብ እመቤቲቱን የጠየቅኋቸው ነገር ፈረሶቹ በቀን ስንት ሊትር እንደሚጠጡ ነበር።

«ገንዳው እኮ ሁልጊዜ ሙሉ ነው፤ ጎድሎ አይቼው አላውቅም» አሉኝ።

ለእርሳቸው ይህ መልስ ነበር። ለእኔ ግን ሌላ ጥያቄ ሆነብኝ፤ በራሱ የሚሞላ ገንዳ ፈረሶቹ ሲጠጡም ሆነ ሳይጠጡ መልኩ አንድ ነውና። ስለዚህ የቧንቧውን መዝጊያ ዘጋነውና የውኃው ከፍታ ላይ በቀለም ምልክት አደረግን። ገንዳው 1.5 ሜትር ርዝመትና 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው፤ እንግዲህ የ1 ሳንቲ ሜትር ጉድለት 9 ሊትር ማለት ነው። ሁለት ትልልቅ ፈረሶችና አንድ ድንክ በአንድ ቀንና ሌሊት ቢያንስ 60 ሊትር ሊጠጡ ሲገባ ውኃው ወደ 7 ሳንቲ ሜትር መውረድ ነበረበት። በማግሥቱ የወረደው 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነበር። ባልዲው በዚያን ቀን ሆን ተብሎ ተነሥቶ ነበር።

ከዚህ በኋላ የቀረው ቁጭ ብሎ ማየት ነበር። ባዝራዋ ወደ ገንዳው መጣች። አንገቷን ዝቅ አድርጋ አፍንጫዋን ወደ ውኃው አስጠጋች። የአገጯ ረጃጅም ጸጉሮች ውኃውን ሲነኩ ምንም አልሆነችም። ከንፈሯ ውኃውን ሲነካ ግን ጆሮዎቿ ወደ ኋላ ተለጥፈው ራሷን ቀና አደረገች፤ ከንፈሯን ላሰች፤ ጥቂት ቆማ እንደ ገና ሞከረች፤ ከዚያ ትታው ሄዳ ከአጥሩ ሥር ያለውን በረዶ መላስ ጀመረች። በረዶ መላስ ጥማት አይቆርጥም፤ አዲስ የወረደ በረዶ ሲቀልጥ ከመጠኑ አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ነው ውኃ የሚወጣው። ትልቁ ፈረስም እንዲሁ ነካ አድርጎ ሸሸ። ድንኩ ግን ፊቱን እያጨማደደም ቢሆን ጥቂት ጥቂት ይጠጣል።

ይህን እያየን ሳለ ታናሹ ልጅ «ውሻውም እኮ ከገንዳው ሸሽቷል» አለ። ቀድሞ ሁለት የፊት እግሩን በገንዳው ጠርዝ ላይ ሰቅሎ ይጠጣ ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን አንዴ ጮኾ ወደ ኋላ ዘለለ፤ ከዚያ ወዲህ ዝር አይልም። የውኃው ጣዕም ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ ሸትቶት ይተወው ነበር እንጂ አይጮኽም።

ምርመራው

አባትየው ማሞቂያውን ከሶኬቱ ነቀሉ። ባዝራዋ ወዲያው አላመነችም። ሁለት ጊዜ መጥታ ነክታ ተመለሰች። በሦስተኛው ከንፈሯን ውኃው ውስጥ አስገብታ ጠጣች፤ ፈረስ በዋጠ ቁጥር ጆሮው ወደፊትና ወደ ኋላ ይል የለም? የእርሷም ጆሮዎች ሳያቋርጡ ይሠሩ ነበር። ትልቁ ፈረስ ተራውን እስኪያገኝ መሬቱን እየጨረ ጠበቃት።

የመጣው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ማሞቂያውን መልሶ ከመሰካቱ በፊት እንስሳቱን በሙሉ ከአካባቢው እንድናርቅ አደረገ። ከዚያ የመለኪያውን አንዱን ጫፍ ውኃው ውስጥ፣ ሌላውን ፈረሶቹ በሚቆሙበት እርጥብ መሬት ላይ በተተከለ የብረት ዘንግ ላይ አደረገ። ውኃው ከመሬቱ ጋር ሲነጻጸር የጥቂት ቮልት ልዩነት አሳየ። የማሞቂያው ገመድ ከገንዳው ጀርባ በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ልባሱ ተልጦ ነበር። ሶኬቱም ለመሬት መስመር፣ ማለትም ያመለጠውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ለሚያወርደው ሽቦ፣ የሚሆን ቀዳዳ ይኑረው እንጂ በውስጡ ሽቦው አልተያያዘለትም።

ጥቂት ቮልት ለሰው ከቁጥር አይገባም። እመቤቲቱ ገንዳውን በየጠዋቱ በእጃቸው ሲያጠሩ አንድም ቀን ነዝሯቸው አያውቅም፤ የላስቲክ ቦት ጫማ አድርገው ስለሚቆሙ ኤሌክትሪኩ በእርሳቸው በኩል ወደ መሬት መውረጃ አልነበረውም። ፈረሱ ግን አራት እግሩ በራሰ ጭቃ ውስጥ ነው፤ ከሰኮናው ሥር ብረት አለ፤ ውኃውን የሚነካውም በእርጥብና ስስ ከንፈሩ ነው። ገንዳው ፕላስቲክ በመሆኑ የፈሰሰው ኤሌክትሪክ በገንዳው በኩል ወደ መሬት አይወርድም፤ መንገዱን የሚያገኘው ሊጠጣ የመጣው እንስሳ ላይ ነው። ባዶ ሰኮና ያለው ድንክ የተሻለ የጠጣው ብረት ስለሌለው ሳይሆን እንዳልቀረ ባለሙያው ነግሮናል።

የማሞቂያውን መጠን ከፍ ማድረጉ ለምን ነገሩን እንዳባባሰውም ተገለጠ። መጠኑ ዝቅ ሲል ማሞቂያው ውኃው በተፈለገው ልክ ሲሞቅ በራሱ ይጠፋል፤ በእነዚያ እረፍቶች ፈረሶቹ ጥቂት ይጠጡ ነበር። መጠኑ ከፍ ሲል ግን ያለ እረፍት መሥራት ጀመረ።

የተወሰደው እርምጃ

ማሞቂያው ተጣለ። አዲስ እስኪተከል ድረስ ጠዋትና ማታ ለብ ያለ ውኃ በባልዲ ተሰጠ፤ ባልዲዎቹ በገለባ በተሞላ ጎማ ውስጥ ስለተቀመጡ ቶሎ በረዶ አልያዛቸውም። ፋንድያቸው በቀናት ውስጥ ወደ ጤናማ መልኩ ተመለሰ።

አዲሱ ማሞቂያ ገመዱ በብረት ቱቦ ውስጥ ሆኖ፣ የመሬት መስመሩ በባለሙያ ተሠርቶ፣ የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ሲኖር መስመሩን የሚቆርጥ መሣሪያ ተገጥሞለት ነው የተተከለው። ለሰው ደኅንነት የሚገጠመው የተለመደው መሣሪያ 30 ሚሊ አምፔር ሲደርስ ይቆርጣል። ፈረስን ከገንዳ ለማስሸሽ ግን ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ይበቃል። ስለዚህ መሣሪያው ሕይወት ያድናል፤ ፈረሱ መጠጣቱን ግን ዋስ አይሆንም። ቤተሰቡ አሁንም የቧንቧውን መዝጊያ እየዘጉ ምልክቱን ያያሉ።

ያልተሳካም ነገር አለ። ባዝራዋን ወደ ገንዳው መመለስ አልተቻለም። ድርቆሽ በገንዳው አጠገብ ተቀመጠላት፤ ሌሎቹ ሲጠጡ እንድታይ ተደረገ፤ ባልዲዋ በየቀኑ ወደ ገንዳው ተጠጋ። ድርቆሹን ትበላና ውኃ ለመጠጣት ወደ ባልዲ ትሄዳለች። ትልቁ ፈረስ ግን ጥቂት ቀን ተጠራጥሮ ተመለሰ። እርሷን ማስገደዱ ቀርቷል፤ በባልዲ የሚሰጥ ውኃ ቢያንስ ስንት እንደተጠጣ ይታወቃል።

የባዝራዋ ብርድ ልብስ ተነሥቶ ጎኗ በእጅ ሲዳሰስ ሌላ ነገር ተገኘ። ከሩቅ ስትታይ ሙሉ ናት፤ በጸጉሩ ውስጥ ጣት ሲገባ ግን የጎን አጥንቶቿ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ልብሱና ረጅሙ ጸጉር አንድ ላይ ክሳቷን ደብቀውት ነበር። መፍትሔው እህል መጨመር አልነበረም። ድርቆሽ በትልቁ አንጀት ውስጥ ሲብላላ ሙቀት ስለሚያመነጭ የፈረስ ምድጃው እርሱ ነው። የምትበላው ድርቆሽ የክብደቷን 2 በመቶ ያህል እንዲሆን ተደርጎ፣ ከፊሉ እየተነከረ፣ በቀን ብዙ ጊዜ ተከፋፍሎ ይሰጣት ጀመር። ልብሱ በእርሷ ላይ እንዲቀጥል ተስማማን፤ በየቀኑ እየወለቀ ጎኗ ይዳሰሳል።

የበረቱ ላስቲክም ተነሣ። ጠዋት በሩ ሲከፈት ዓይን የሚያቃጥለው የሽንት ሽታ ለፈረስ ሳንባ ከብርዱ የከፋ ነው። ፈረስ የሚፈልገው ከንፋስና ከዝናብ የተከለለ፣ ከላይ አየር የሚመላለስበት በረት ነው።

ውሻውና ድመቷ

ውሻው ገንዳውን ከሸሸ በኋላ የራሱ ሳህን ውጭ ስለሆነ በረዶ ይይዘዋል። ታዲያ ከየት ይጠጣ ነበር? ከመኪናው ሥር ከሚጠራቀመው ኩሬ። እኔን ከፈረሶቹ ይልቅ ያስደነገጠኝ ይህ ነው። ኩሬው ላይ አረንጓዴ ነገር ተንሳፍፎ ነበር፤ የመኪናው ራዲያተር ያንጠባጥባል።

በብርድ ወራት ራዲያተር ውስጥ የሚጨመረው በረዶ ተከላካይ ፈሳሽ አብዛኛውን ጊዜ ኤቲሊን ግላይኮል አለበት። ጣዕሙ ይጣፍጣል፤ ለድመት በክብደቷ በእያንዳንዱ ኪሎ ግራም 1.5 ሚሊ ሊትር ያህሉ ይገድላል። ውሻን ለመግደል ከዚህ የበለጠ ያስፈልጋል እንጂ እርሱም ሊሞት ይችላል። የተመረዘ እንስሳ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንደ ሰከረ ይንገዳገዳል። ከዚያ የዳነ ይመስላል። ኩላሊቱ የሚጎዳው በዚህ ጊዜ ስለሆነ ብዙ ሰው የሚዘናጋው በዚህ ነው። ለድመት ማርከሻው በ3 ሰዓት ውስጥ፣ ለውሻ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ መጀመር አለበት። የዚህ ቤት ውሻ ደምና ሽንቱ ተመርምሮ ኩላሊቱ ደኅና ሆኖ ተገኘ። ራዲያተሩ ተጠገነ፤ መሬቱ በአሸዋ ተመጥጦ ተጠረገ፤ የውሻው ሳህን ወደ ቤት ገባ። በመንገድ ላይ የሚበተነው ጨው መዳፉን እያቃጠለው ይልሰው ስለነበር ከሽርሽር ሲመለስ እግሩ ለብ ባለ ውኃ ታጥቦ በጣቶቹ መሐል ሳይቀር እንዲደርቅ ተደርጓል።

ድመቷ ደግሞ መግቢያዋ በላስቲክ ከተዘጋባት ወዲህ የምታድረው በመኪናው ሞተር ላይ ነበር፤ ሞተሩ ሙቅ ሆኖ ሲቆም ትገባለች። አባትየው ማለዳ ሞተር ሲያስነሡ ምን ሊደርስባት እንደሚችል መዘርዘር አያስፈልግም። የመኪናውን አፍንጫ ሳይደበድቡ እንዳያስነሡ ተስማማን፤ ለእርሷም ገለባ የተሞላ ሳጥን በበረቱ ውስጥ ተሠራላት። ጨርቅ እርጥበት ይዞ ይቀዘቅዛል፤ ገለባ ይሻላል።

ለሌላ ቤት የሚሆነው

ከዚህ ጉዳይ ወደ ሌላ ግቢ ሊሻገር የሚችለው ዋናው ነገር መለካት ነው። የቀረበውን ሳይሆን የተበላውንና የተጠጣውን። በራሱ የሚሞላ ገንዳ ያለው ሰው በየሳምንቱ አንድ ቀን መዝጊያውን ዘግቶ ጉድለቱን ማየት ይችላል፤ ወጪ የለውም። ፋንድያም እንዲሁ ይናገራል፦ ብዛቱ ሲቀንስ፣ ቅርጹ ሲያንስ፣ ሲደርቅ፣ ቁርጠት ከመምጣቱ ቀናት ቀድሞ ያስጠነቅቃል። ጋጣ የሚጠርግ ሰው የሚያየውን ለቤቱ ሰው ሁሉ የሚናገርበት ልማድ ቢኖር ይህ ጉዳይ በአጭሩ ይቀር ነበር።

ከአንድ በላይ ዓይነት እንስሳ አንድን ነገር አብረው ሲሸሹ ምክንያቱን በእንስሳቱ ውስጥ ሳይሆን በነገሩ ውስጥ መፈለግ ይገባል። ባዝራዋ ስላረጀች፣ ጥርሷም ስለሾለ ለብቻዋ ስትታይ ማብራሪያ አላጣችም። ጎልማሳው ፈረስና ውሻው ሲጨመሩ ግን ያ ማብራሪያ አይበቃም። ውኃ ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ ያለው ሰው ደግሞ እንስሳቱ መጠጣት ባቆሙ ጊዜ ከሁሉ በፊት ዕቃውን ነቅሎ ይይ፤ እጁን ከትቶ መሞከር ግን አይገባም፤ ጫማው ያሳስተዋል፤ ፍሳሹ የከፋ ከሆነም ሕይወቱን ያጣል።

ሳይረጋገጥ የቀረ አንድ ጥያቄ አለ። የገመዱ ልባስ እንዴት ተላጠ? የኤሌክትሪክ ባለሙያው የአይጥ ጥርስ ይመስላል ብሏል። ድመቷ ከበረቱ የወጣችው ማሞቂያው በተተከለ ሰሞን ነው፤ አይጦቹም በዚያ መሐል በርክተው ነበር። አንዱ ሌላውን አመጣ ለማለት ማስረጃ የለኝም። እመቤቲቱ ግን ማስረጃውን አልጠበቁም፤ የድመቷን ቀዳዳ የሸፈነውን ላስቲክ በዚያኑ ዕለት በመቀስ ቀደዱት።